የልብስ ሰፊዋ ዓይን

ልብስ ሰፊዋ ዓይን ሐኪም ቤት ተራዋን ስትጠብቅ ከአንገትጌዋ ላይ መርፌ ነቅላ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ዓይኗ እያየች ክር ታሾልካለች። የምትሰፋው ነገር የላትም፤ ዓይኗን መፈተኗ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ታላቅ እህቷ ማየት ካቆመች ቆይታለች።

ውስጥ ሐኪሙ የዓይኗን ግፊት ሲለካ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

«ይተንፍሱ እንጂ እናቴ! ሲታፈኑ እኮ ግፊቱ ይጨምራል።»

ደግሞ ለካ፤ አሁንም ዓይን ሊያጠፋ የሚችል ያህል ከፍ ያለ ነው። በሌላ መሣሪያ የዓይኗን የፊት ሽፋን ውፍረት ሲያይ ግን ፈገግ አለ።

«ጤነኛ ነዎት። ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ነው ግፊቱ በዝቶ የሚታየው። ስስ ቢሆን ደግሞ የበዛውን ግፊት አሳንሶ ያታልለን ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እህቷ ወዳለችበት ወደ በሩ ዞረች።

«እህቴንም ‹ግፊትሽ ደህና ነው› ብለው ሸኟት» አለች። «ሽፋኗ ስስ ይሁን ወፍራም ግን ማንም አላየላትም።»

ሐኪሙ መሣሪያውን ወደ ቦታው መለሰ።

ስትወጣ እህቷ እጇን በዳበሳ ፈልጋ ያዘችው።

«ምን አሉሽ?»

«ጤነኛ ነሽ አሉኝ፣ እትዬ።»

«እሰይ፣ ተመስገን! የእኔስ መቼም ዕድሌ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ ልትሰካ ሞክራ ጣቷን ወጋች።

«አዎ» አለቻት። «ዕድል ነው።»