የእጅ ፍሬን ያወጣን ቀን

ዛሬ የልጄ አዲስ ጉልበታም መኪና ጂንካ ጭቃ ውስጥ ገባ። በከንቱ የሚሽከረከረውን ጎማ መኪናው ራሱ ፍሬን ያዘበት፤ ኃይሉ ወደ ሌላኛው ጎማ ሄደና ወጣን።

"አባዬ፣ ይሄ ትራክሽን ኮንትሮል ነው" አለኝ። ሳቄ መጣ።

በደርግ ጊዜ የክሊኒክ ሾፌር ነበርኩ። ምጥ የጠናባትን ሴት ከዲመካ ወደ ጂንካ ሳመጣ አልዱባ አካባቢ ጭቃ ያዘን። አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ይዞራል።

"ወንድሜ፣ ልትሞትብን ነው!" አለች አብራን የነበረችው ነርስ።

የእጅ ፍሬኑን ግማሽ ድረስ ሳብኩና ነዳጅ ቀስ አድርጌ ሰጠሁ። የሚዞረው ጎማ ሲታፈን ሌላኛው መሬት ያዘ። ወጣን!

ጂንካ እንደደረስን ሴትየዋ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ያን ቀን ከእኔ በላይ ሾፌር ያለ አልመሰለኝም።

የድሮ ሾፌሮች፣ እናንተስ በምን ዘዴ ወጣችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።