የፓላጋ ደረቅ ወር

ጎረቤቴ ፓላጋ ወራትን የምታውቃቸው እንደ ዘመድ ነው፤ አንዱን ታማለች፣ ለአንዱ ትቆረቆራለች። «ማርች ቀጣፊ ነው፤ ፀሐይ አሳይቶ በረዶ ይጭንብሻል» ትለኛለች። እኛ በተራራማው አገራችን በማራሙሬሽ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቀን፣ እንደ ስኒ የጎደጎዱትን ሽፋኖቹን በየወሩ ስም መስኮት ላይ እንደረድራለን፤ በያንዳንዱም ጨው እንጨምራለን። ጠዋት ውሃ የቋጠረው ወር ዝናባም፣ ጨው እንደያዘ ያደረው ደረቅ ይሆናል። በዚህ ንባብ ፓላጋን የሚያክል የለም።

የጣሪያ እንጨት ጠራቢው ቶአደር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አግቢኝ እያለ ፓላጋን ደጅ ሲጠና ኖሯል። እሷም ትወደዋለች፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ነገር ግን በልጅነቷ ስትሞሸር ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ዶፍ ወረደባት፤ ባሏም ዓመት ሳይሞላው ዛፍ ወድቆበት ሞተ። «በዝናብ አግብቼ ሁለተኛ ሰው አልቀብርም» ብላ ማለች።

ደረቅ ወር ደግሞ ከየት ይምጣ! ማርችና ኤፕሪል ሁዳዴ ናቸው፣ ሠርግ የለም። ሜይ ለሙሽራ ገደ ቢስ ነው ይባላል። ጁን የሐዋርያት ጾም፣ ጁላይ የሣር አጨዳ፣ ኦገስት ፍልሰታ። ኖቬምበር ከገባ ብዙም ሳይቆይ የገና ጾም ይይዛል። የሚተርፉት ጥቂት ወራት ደግሞ በየዓመቱ ሽንኩርቱ ላይ ውሃ ቋጥረው ያድራሉ። እኔማ ሽንኩርቱን ሰብስቤ ለአሳማ ብሰጠው ደስ ባለኝ!

ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ጠዋት ወጥ ቤቷ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ቶአደር ማገዶ ላምጣላት ብሎ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቷል። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ጃንዋሪ ውሃ» አለች ፓላጋ። «ፌብሩዋሪም ውሃ።»

«እንደ ቶአደር አፍንጫ!» አለች አንዷ፤ ሳቅን። የጾሙንና የአጨዳውን ወራት ስታነብ ማንም አልሰማት።

«ሴፕቴምበር... ይሄማ ኩሬ ነው።»

የቀረን ተስፋ ኦክቶበር ብቻ ነበር። ፓላጋ ወደ ኦክቶበር ጎንበስ አለች። ጨዉ ነጭ፣ ደረቅ፣ አንድ ጠብታ የለበትም! ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ እኔም አጠገቤ ያገኘሁትን ሁሉ አቅፌ ሳምኩ።

«ቆዩ እስቲ» አለች ፓላጋ። «አንተ ቶአደር፣ የኔ ጓሮ ሽንኩርት ወተት የመሰለ ነው። ይሄ ጠርዙ ወይን ጠጅ የሆነው ከየት መጣ?»

በመንደራችን እንዲህ ያለ ሽንኩርት የሚተክለው ቶአደር ብቻ ነው። ፊቱ ከሽንኩርቱ ብሶ ቀላ።

«ምን ላድርግ?» አለ። «እያረጀሁ ነው እኮ፣ አንቺ ሴት! ዝናቡ ሳይገድለኝ መጠበቁ ሊገድለኝ ነው።»

«እውነተኛውስ የታለ?»

ከኮቱ ኪስ አወጣው። ኪሱ በጨው ውሃ ርሷል። ኦክቶበር መዳፉ ላይ ያንጠባጥባል።

ፓላጋ ሰውየውን አተኩራ አየችው። ከዚያ ሽንኩርቱን ከእጁ ነጥቃ አፏ ውስጥ ከተተችው። ከነጨው ከነውሃው ቆረጣጠመችው! እንባዋ እየወረደ ዋጠችውና ወደኛ ዞረች።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች። «ኦክቶበር ነው። ዣንጥላ ያለው ይዞ ይምጣ።»