ጡረታ ስወጣ ታመጣለህ

በቤታችን በር የገባ ስጦታ ሁሉ በዚያው በር ተመልሶ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ ዓቃቤ ሕግ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። ጉዳዩ ያለቀለት ሰው ደስ ብሎት ማር ይዞ ይመጣል፣ ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ አንዱማ ለፋሲካ ዋዜማ በግ አጥራችን ላይ አስሮ ጠፍቶ ያውቃል። ባለቤቴ በጉን ፈትቶ እየጎተተ ሰውየው ቤት ድረስ ወስዶ መለሰ። እኔ በመስኮት እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ። ሰው ማስቀየም ስለማይወድ ደግሞ «ክልክል ነው» አይልም። ሳቅ ብሎ «አሁን የመንግሥት ሰው ነኝ፤ ጡረታ ስወጣ ታመጣለህ» ይላል። በቃ፣ መሸኛው ይቺ ነበረች። ሰውየውም ይስቃል፣ ማሩም ይመለሳል። ለስንቱ እንዳላት እሱ ራሱ አያውቅም። እኔማ «ጡረታ የወጣህ ዕለት ጠጅ ቤት እንከፍታለን» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን ሆድ ሆዱን የበላው አንድ መዝገብ ነው። የጓሮ ጎረቤቴ ልጅ መዝገብ። ጎረቤቴ ስል እንዲሁ ሰላም የምንባባል እንዳይመስላችሁ። እኔና እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ በአንድ ፈረቃ ሠርተናል፣ በአንድ ዓመት ወልደናል፣ አጥራችን መሐል በር አስከፍተን ሽንኩርትና በርበሬ ስንበዳደር የኖርን ነን። አንድ ልጇ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቃሊቲ መንገድ ላይ ገልባጭ መኪና ገጭቶ ጥሎት ሄደ። የተገኘው ሲነጋ ነው፣ ነፍሱ ከወጣች በኋላ። መኪናው ውሎ አድሮ ተያዘ። ባለመኪናው «እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ፤ ይዞት ያመሸው ሹፌሬ ነው» አለ። ሹፌሩ ደግሞ የለም፤ የገባበት ጠፋ። መሪው ላይ ማን እንደነበረ አየሁ የሚል ምስክር አልተገኘም።

እሷ በዚያ ሰሞን ከአልጋ አትነሳም፣ ፖሊስ ጣቢያ የሄደችበት ቀን የለም፣ የባለመኪናውንም ፊት አላየችም። ብቻ መዝገቡ ባለቤቴ መሥሪያ ቤት መድረሱን ስትሰማ በአጥሩ በር ገብታ እግሩ ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ አንቱ ያዙልኝ፤ ለሌላ አይስጡብኝ» አለችው። ያዘው። ምን ያልሆነው አለ! ፖሊሶቹን ሲያመላልስ፣ ሹፌሩን ሲያፈላልግ፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰዋን ሁሉ ሲያስጠይቅ ከረመ። በመጨረሻ ባለመኪናው ላይ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

እኔ ጮህኩበት። «የእሷን ዓይን በምን ዓይንህ ልታይ ነው?» አልኩት።

«ሰውየው ዋሽቶ ይሆናል» አለኝ። «ግን በ‹ይሆናል› ሰው አላሳስርም።»

ለእሷም ራሱ ሄዶ ነገራት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ማስረጃ የተገኘ ዕለት መዝገቡ ይከፈታል» አላት። እሷ አንድ ቀን አልወቀሰችውም። በየሙት ዓመቱ ብቻ ንፍሮ በሰሃን ይዛ ትመጣና «ጋሼ፣ ሹፌሩ ተገኘ?» ትላለች። «አልተገኘም፣ እህቴ» ይላታል። ያን ቀን እራት አይበላም። ከጡረታው የሚፈልገው ምን እንደሆነ ስጠይቀው የጡረታ ገንዘብም፣ ሰዓትም፣ ካባም አላለም። «የእሷን ፊት ሳላፍር ማየት» አለኝ። እኔም የምፈራው እሱኑ ነበር፤ እሷን እንዳላጣት።

የጡረታው ቀን ሊደርስ ሲል ሌላ ፍርሃት መጣ። ጥግ ላይ ካለው የስልጤ ባለሱቅ ዘይት ልገዛ ስገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ አንድ ሰውዬ ስለ ጋሼ ጠየቀኝ» አለኝ።

«ምን ብሎ?»

«መቼ ነው ጡረታ የሚወጡት ብሎ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ወፈር ያለ፣ ደህና የለበሰ። ጥቁር መስታወት ያለው ፒካፕ ላይ ነው የመጣው። ለስላሳ አስከፈተ፣ ሳይጠጣው ሄደ።»

ዘይቱን ረስቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። የእኛን ሰፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወህኒ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ስንቅ አንጠልጥለው ወደዚያ የሚወርዱ እናቶችና ሚስቶች በእኛ በር ነው የሚያልፉት። ከነሱ መሐል ስንቷ በባለቤቴ ክስ ባሏ እንደገባባት አላውቅም፤ አንዳንዷ ቆም ብላ በራችንን የምታይ ይመስለኝ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ሳለ አልፈራሁም። የመንግሥትን ሰው ማን ይነካል? ወንበሩን የለቀቀ ዕለትስ?

ለባለቤቴ ነገርኩት። ጋዜጣውን ሳያወርድ «ያሰረው ፖሊስ፣ የፈረደው ዳኛ፤ እኔን ምን ይሉኛል?» አለ።

«ይሉሃል እንጂ! ቆሞ የከሰሰው ማን ሆነና?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ።»

እንግዲህ እኔ ነኝ ነገር አብዢዋ! ከጥቂት ቀን በኋላ የእሱ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ጮኸና አነሳሁት። የወንድ ድምፅ ነው። «ቅዳሜ ነው አይደል ጋሼ የሚሸኙት?» አለ። «ማን ልበል?» ስል ዘጋው። መልሼ ብደውል አያነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው በር ሲንኳኳ እደነግጥ ጀመር። ፒካፕ ባለፈ ቁጥር መጋረጃ እገልጣለሁ። ሁለት ጊዜ ያው መኪና ከበራችን ፊት ለፊት ቆሞ አይቼዋለሁ፤ ማንም ሳይወርድ ቆይቶ ይሄዳል።

ጎረቤቴን አማከርኳት፤ ድግሱን እንተወው ይሆን አልኳት። ሳቀችብኝ። «የሰው ነፍስ ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል? አንቺ ወጥሽ እንዳያርብሽ ብቻ ጠብቂ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ኮስተር ብላ «ጋሼን የሚነካ እኔን ረግጦ ነው የሚያልፈው» አለች። ቀለል አለኝ። እሷ ያለችው ነገር ሁልጊዜ ቀለል ያደርገኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ካባ አልብሶ የምስክር ወረቀት ሰጠው። አለቃው፣ ልጁ ሊሆን የሚችል ጎልማሳ ነው፣ «እጃቸው ያልቆሸሸ፣ ማንንም በጥርጣሬ ያልበደሉ» ብሎ ንግግር አደረገ። ባለቤቴ መታወቂያውንና የቢሮውን ቁልፍ አስረክቦ፣ ካባውን እንደለበሰ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ቤት መጣ። ግቢያችን ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑን አልወደድኩትም። ባለፈው ሳምንት በዚያው ድንኳን ለቅሶ ተቀምጠንበታል። «ሌላ የላችሁም ወይ?» ብዬ የእድሩን ሰዎች ብቆጣ «ድንኳን ለቅሶና ሠርግ አይለይም፣ እትዬ» አሉኝ።

ምሳ ቀረበ። ጎረቤቴ ወገቧን ታጥቃ ስታዝ፣ ስታስተናግድ ዋለች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ነጭ ስትለብስ ያየኋት ያን ቀን ነው። «ለጋሼ ስል ነው» አለችኝ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ሰው ሲስቅ እኔ በሩን አያለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ያ ፒካፕ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ከሹፌሩ ጎን ሙሉ ልብስ የለበሰ ወፍራም ሰው ወረደ። ወደ ኋላ ዞሮ ከጭነቱ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲጎትት «አበቃልን!» አልኩ። ልጮህ አፌን ስከፍት ከመኪናው ላይ የወረደው ሙክት ሆነ። ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት! ሰውየው እጅ ነስቶኝ «ጋሼን ላመሰግን ነው የመጣሁት። በስልክ አስደነገጥኩዎት መሰለኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ያ ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ወጣልኝ። እልል አልኩ። ክንዱን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄን በቆረጠው እላለሁ።

ባለቤቴ መጀመሪያ አላወቀውም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመና «ረሱኝ አይደል? ያኔ ስጦታ ባመጣልዎ ‹ጡረታ ስወጣ ታመጣለህ› አሉኝ። ይኸው፣ ቃሌን ጠብቄ አመጣሁ» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ይህን አባባሉን የማያውቅ ባልደረባ የለማ! ወንበር ተሰጠው። ጎረቤቴ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች፤ ውሃ እያንቆረቆረች እጁን አስታጠበችው። «ይናገር! ይናገር!» አሉ። ሰውየው እጁ እንደራሰ ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የውሸት አልነበረም።

«እኚህ ሰው ባይኖሩ ልጆቼ ያለ አባት ያድጉ ነበር» አለ። «ፖሊስ አንቆ ይዞኝ ነበር። ‹ማስረጃ ሳይኖር ሰው አይከሰስም› ብለው የለቀቁኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ለፈጣሪ ስለት ገባሁ። ገልባጩን ሸጥኩት። ከዚያች ሌሊት ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ይኸው የትም የምሄደው በሹፌር ነው።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔም እጄን አንስቼ ነበር። ከዚያ የባለቤቴን ፊት አየሁ፤ አመድ መስሏል። ገልባጭ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ባለቤቴ ቀስ ብሎ «የዚያን ሌሊት መሪው ላይ አንተ ነበርክ?» አለው።

ሰውየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ወዲያ ወዲህ አየ። «ጋሼ፣ አሁንማ ጡረታ ወጡ እኮ» አለ። «ያለፈ ነገር አይደል?»

«ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ አልወጣም።»

ጎረቤቴ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ከሰውየው ኋላ ቆማለች። ሄጄ ልይዛት ፈለግሁ፤ ምን ብዬ? ዞራ ከፊቱ ቆመች። አልጮኸችም። «እኔ የልጁ እናት ነኝ» አለችው።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ወርደህ አይተኸዋል?» አለችው።

ሰውየው ወደ በሩ አየ።

«ወርደህ አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«አዎ» አለ።

«ነፍሱ ነበረች?»

በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

«ምን አለህ?»

«ውሃ…» አለ። «ውሃ ስጠኝ አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

መሬት መሬት አየ። እሷ መልሱን ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ማስታጠቢያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ በአጥሩ በር ወደ ቤቷ ሄደች። ሰውየው ሊነሣ ሲል የባለቤቴ ባልደረቦች በሁለት በኩል ቆሙ። ፖሊስ ተጠርቶ እስኪወስደው ባለቤቴ ካባውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

በማግሥቱ ማልዶ ለምስክርነት ሊሄድ ተነሣ። እኔም የሰማሁትን ልናገር አብሬው ወጣሁ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማለች፤ ጥቁሯን ለብሳለች። «እንደምን አደርሽ፣ እህቴ?» አላት። «ቅደም» አለችው። እሱ ቀደመ፤ እኔና እሷ ከኋላ ተከተልን። መንገዱን ሙሉ እጇን ይዣት ነበር፤ እሷም ይዛኝ ነበር። ያ እጅ ተስፋ ሰጠኝ፤ አይዞን፣ አላጣናትም አልኩ በልቤ።

ጣቢያው ውስጥ እኔና እሷ ግድግዳውን ተደግፎ በቆመው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ መርማሪው ፊት ቆመ። መርማሪው ልጅ እግር ነው፤ አላወቀውም። ሥራውን ጠየቀው። «ጡረተኛ» አለ። ዕድሜውን፣ አድራሻውን ጠየቀው፤ መለሰ።

«ከተጠርጣሪው ጋር እንዴት ነው የሚተዋወቁት?»

ባለቤቴ ወደ እኛ ዞሮ አየ። ማስረጃ አልነበረም ማለት ይችል ነበር፤ ሐሰት አልነበረማ። ሕጉ እንዲያ ይላል ማለት ይችል ነበር። በልቤ በለው፣ ተናገረው እያልኩ እለምነዋለሁ።

«የለቀቅኩት እኔ ነኝ» አለ።

መርማሪው ቀና ብሎ አየውና መጻፉን ቀጠለ። ጎረቤቴ እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች።