ሠራልኝ ያለችው መድኃኒት

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን በመንደራችን በሽንፋ ላይ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቆረ። ሰሊጣችን ታጭዶ፣ ነዶው ተደጋግፎ እንደ ጎጆ ቆሞ፣ ሂላ ሆኖ ማሳው ላይ እየደረቀ ነበር። ያኔ ዝናብ ከጣለ የዓመት ልፋት ይጠፋል። እናቴ እታፈራሁ ግን ሰማዩን ቀና ብላም አላየችው። ስልኩን እንደያዘች ትስቃለች።

«ስርጉት መድኃኒቱ ሠራልኝ አለች» አለችኝ።



ስርጉት ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ለአረም ስሰማራ፣ እሷ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ኬሚስትሪ ተማረች። ሥራዋ የካንሰር መድኃኒት መንደፍ ነው። ክረምት መጥታ የነዶ ማሰሪያ ገመድ ይዛ አስረድታን ነበር።

«እትዬ፣ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር የውስጡ ክር ጫፉ ያጥራል፤ ይህ ገመድ ጫፉ እየተበላ እንደሚያጥረው። በጣም ሲያጥር ሕዋሱ መከፈሉን ያቆማል። ካንሰር ግን ቴሎሜሬዝ የሚባል ገመዱን የሚቀጥል ሠራተኛ አለው፤ ስለሚቀጥልለት አያልቅም። እኔ የዚያን ሠራተኛ እጅ የምትይዝ ትንሽ ሞለኪዩል ነው የምፈልገው።»

«እጁን ቁረጭልኝ!» ብላ እናቴ አሳቀችን። ለካ ያኔም ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት።

መስከረም ላይ አይቼባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «ቶሎ ጎንደር ትሂድ፣ ጡቷ መቆረጡ አይቀርም» አሉን። እምቢ አለች። «ልጄ እየሠራችልኝ ምን ቢላ ያስፈልገኛል? ለሷም እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋ ይሰናከላል።» ጎረቤታችን ዘሊካ እንኳ «የልጅዎ መድኃኒት የኛንም አረም ይገድል ይሆን?» ስትላት፣ «ላንቺም ይተርፋል» አለቻት።

ከቤት ወጥቼ ደወልኩ።

«ስርጉት፣ መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?»

«የቱ?»

«ሠራልኝ ያልሽው።»

«እትዬ፣ እሱ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የሞለኪዩሏ ሥዕል ከቴሎሜሬዙ ሥዕል ጋር ገጠመልኝ ማለቴ ነው። ገና በብልቃጥም አልተሞከረች። ሰው ጋ እስክትደርስ ዓመታት ነው፤ ላትደርስም ትችላለች። ምነው?»

የእናታችንን እብጠትና እምቢታዋን ነገርኳት።

«ስልኩን ለእማ ስጪያት» አለች።

እናቴ ሰማቻት። «አንቺ አይደለሽ ሠራልኝ ያልሽ?» አለች። እንደገና ሰማች። ስልኩን መለሰችልኝና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማዩን አየች።

«እንግዲያው ሰሊጡን አራግፈን እንሂድ።»

«ሰሊጡ ይቅር» አልኳት።

በማግሥቱ መኪና ላይ ሆነን ገንዳ ውሃ ከተማ ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ። እኛ ግን ወደ ጎንደር ቀጠልን።

ጎንደር ጡቷን ቆረጧት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። ቀድመን ሄደን ቢሆን ስንት ትኖር ነበር እያልኩ እስካሁን እጨነቃለሁ። ያቺ ሞለኪዩልም ብልቃጥ ውስጥ ስትሞከር አልሆነችም። ስርጉት አሁን ስትደውል «ገጠመ» እንጂ «ሠራ» አትልም። አዲስ አበባ ናት፤ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሌላ ሞለኪዩል እየሣለች ነው።