ሸሪኬን ሳልጠይቅ

ስለ ሥራ በተነሳ ቁጥር አጎቴ የሚሉት «ሸሪኬን ሳልጠይቅ አልወስንም» ነበር። ከጓደኛቸው ጋር በገዟት አሮጌ የጭነት መኪና ከኮልፌ ወደ ጅማ ጨውና ጨርቅ ያመላልሱ ነበር። በደርግ ጊዜ መኪናዋ ለጦር ግንባር ስንቅ እንድትጭን ታዘዘች። ተራው የሸሪካቸው ስለነበር እሱ ነድቷት ሄደ። መኪናዋም እሱም አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲያ አብረን እንሥራ ያላቸውን ሁሉ በዚያችው ቃል መለሱ። ልጆቻቸው ተቸገሩ። የሸሪካቸው ሚስት እንኳ ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ ፈቅጃለሁ፤ በእግዜር፣ ከሌላ ሰው ጋር ይሥሩ» ብላ ለመነቻቸው።

«እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» አሏት።

እያለቀሰች ወጣች። እኔም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየሄድኩ ከአጎቴ ጋር በዚሁ ነገር ስጨቃጨቅ ኖርኩ።

አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ቅዳሜ ሲመጣ ግን የምጨቃጨቀው ሰው የለኝም።