ክፍሌ እንዳይሰማ ዝም ያሰኘናት አይሱዙ

ለኮልፌ 18 ማዞሪያና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ... አሮጌዋ አይሱዙዬ ከትናንት ማለዳ ጀምሮ እንደ ቀድሞዋ መጮኽ መጀመሯን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሕፃን የቀሰቀስኩበት ካለ ይቅርታ። አማቱን የቀሰቀስኩበት ደግሞ ይበለው፤ እሱም እንደኔ ይቻላት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ...

መኪናዬ ቀን ቀን አሸዋና ድንጋይ ታመላልሳለች። ሰው ሲሞት ደግሞ የእድራችንን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት የምትጭነው እሷ ናት። ጭስ ማውጫዋ በስብሶ፣ ድምፅ የሚያፍንላት ማርሚታ መንገድ ላይ ወድቆ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ካገሳች ሰፈሩ ጡሩምባ አይጠብቅም። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

ታዲያ ጎረቤቴ ክፍሌ ታመመ። ልቡን ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አልጋው ደግሞ መንገድ ዳር ካለው መስኮት ሥር ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ እታፈራሁ መጣች።

«ጋሼ፣ ያቺ መኪናዎ በማለዳ በተነሳች ቁጥር ሰውዬው ላብ በላብ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ ይለኛል። ቀጥሎ ተረኛው እሱ ይመስለዋል።»

ልጄ ጽጌ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ናት። ይሄን ስትሰማ፣ «ለሞተሩ አየር የሚገፋላት ተርቦውም አርጅቷል፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ከሰው ታጣላናለች። አንዴውኑ እሱንም ጭስ ማውጫውንም እንቀይራቸው» አለች።

ግቢያችን ውስጥ አሮጌውን ተርቦ አወረድን። ማለቴ... እሷ አወረደች፣ እኔ ቁልፍ እያቀበልኩ ተሳደብኩ። ጉልበት ያለው ተርቦ ገባ፣ ሰፋ ያለ አዲስ ቧንቧ ተበየደ፣ ማርሚታ ተንጠለጠለ። ከማስነሳቷ በፊት ተርቦው ውስጥ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ጠበል ነው?» አልኳት።

«በደረቁ ከዞረ ይበላል፣ አባባ። እርስዎስ ቁርስ ሳይቀምሱ ይነሳሉ?»

ቁልፉን አዞርኩት... ጸጥ። እምቢ አለች ብዬ ደግሜ ላዞር ስል ጽጌ እጄን ያዘችኝ። ለካ ተነስታለች!

ደስታችን ግን ሳምንት አልቆየም። ወልዴ ሞተ።

ወልዴ የእኔና የክፍሌ ሦስተኛ ጓደኛችን ነው። ከሰዓት ከሰዓት ክፍሌ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። በድንገት ተኝቶ ቀረ። ድንኳኑን ጭኜ በክፍሌ መስኮት ሥር እንደ ሌባ አለፍኩ። ምንም አልሰማም። የወልዴ ቤት ወንዙ ማዶ ስለሆነ ለቅሶውም አይደርሰውም። «ልቡ አይችለውም፤ እስኪያገግም መርዶው ይቆይ» ተባባልን። እታፈራሁ ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ጥቁር ልብሷን ጎረቤት እየቀየረች ትገባ ጀመር።

«ወልዴ ምነው ጠፋ?» አለኝ ክፍሌ።

«ወሊሶ፣ እህቱ ዘንድ ሄዷል።»

«ሳይሰናበተኝ?»

«እሱ መቼ ሥርዓት ያውቃል!» ብዬ ሳቅሁ። ሙት አማሁ እንግዲህ...

ክፍሌ እያደር እህል እምቢ አለ። ከትናንት በስቲያ ልጠይቀው ስገባ ከትራሱ ሥር የቆርኪውን ከረጢት አወጣ።

«አውቄዋለሁ» አለኝ። ክው አልኩ።

«በመጨረሻው ጨዋታ አጭበርባሪ ብዬዋለሁ። ተቀይሞኝ ነው የቀረው። ይሄን ስጠውና... አንተ ነህ ያሸነፍከው ብሏል በልልኝ። በናትህ። ተቀያይመን እንዳልሞት።»

ከሞት ወሬ እንጠብቀው ብለን ከወንድሙ አጣልተነዋል!

ከረጢቱን ኪሴ ከትቼ በቀጥታ ወደ ጽጌ ሄድኩ።

«ማርሚታውን ፍቺልኝ።»

«አባባ... ደህና ነዎት?»

«እኔ አፌን ከፍቼ ወልዴ ሞተ ማለት አልችልም። መኪናዋ ትንገረው።»

ጽጌ አልተከራከረችኝም። ቁልፏን ይዛ መኪናዋ ሥር ገባች።

ትናንት ማለዳ እኔ፣ እታፈራሁና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች እንደ መርዶው ደንብ ተሰበሰብን። መስኮቱ ሥር አስነሳኋት። አገሳች። አጠፋኋትና ገባን።

ክፍሌ እግሩን ከአልጋ አውርዶ ተቀምጧል። ፊታችንን አንድ በአንድ አየ።

«ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወልዴ ነው?»

አንገቴን ደፋሁ።

«መቼ?»

«ወሊሶ ሄደ ያልኩህ ጊዜ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወንድሜን... ወንድሜን ሳልቀብረው!» እያለ አለቀሰ። አብረነው አለቀስን። ብዙ ቆይቶ ቀና አለና፣ «እኔኮ ተቀይሞኝ መስሎኝ... አልተቀየመኝም አይደል?» አለኝ።

«አልተቀየመህም።»

«ተመስገን» አለ። እያለቀሰ ተመስገን አለ።

ከዚያ ዕንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ወደኔ ዞረ። «ስማ... በእኔ ጊዜ ማርሚታ ያላት እንዳትመጣ። በሹክሹክታ አልሸኝም!» ቤቱ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀበት።

...

እውነቱን ልንገራችሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ቀልድ ክፍሌ አላላትም። የሳቀም ሰው አልነበረም። እጄን ይዞ እስከ ረፋድ ዝም ነው ያለው... ዝምታውን እንዳለ ልጽፍላችሁ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው ቀልዱን የፈጠርኩት።