የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሥጋ ቤት

አጎቴን ሰቆጣ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ትንሽ ትልቁ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ» ነው የሚለው። ስሙን ሌላ ሰው አውጥቶለት ቢሆን እኛ ቤተ ዘመዶቹ በተቆጣን ነበር፤ ግን ራሱ ነው ያመጣው። ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ የአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ ሳለ፣ ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ ይህን ለመወሰን ሥልጣን አለዎት?» ብለው ቢጠይቁት፣ «እኔንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚለየን የመሬት ስፋት ብቻ ነው» ብሎ መለሰ። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ሰቆጣ ገባ። ከሥልጣን ሲወርድ ደግሞ ከተማው ለእውነት ሲል «የቀድሞው» የምትል ቃል ጨመረበት።

እንደ እኔ አስተማሪ ሆኖ ነበር የጀመረው። ታላቅ ወንድሙ፣ ማለት አባቴ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ገፍቶ መሪጌታ ሆነ። አጎቴ ግን ዜማው አልሆንልህ ሲለው ወደ አስኳላው ዞረ። ንግግር ይችላል። ንግግር የሚችል አስተማሪ ደግሞ እኛ አገር ክፍል ውስጥ ብዙ አይቆይም። ቀበሌ ወሰዱት፣ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤት የወረዳው ወንበር ላይ ወጣ። ሲወርድም ያው በንግግር ነው። በአንድ ግምገማ ላይ የባልደረቦቹን ድክመት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሻይ ሊጠጣ ወጣ፤ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል ይባላል። እሱ ግን «ለሌላ ኃላፊነት ተፈልጌ ነው» ነው የሚለው። ያ ሌላ ኃላፊነት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ከወረደ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ያ ቀን ከሌት ሲጮኽ የነበረ ስልክ ድንገት ጭጭ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ካልኩ፣ «እስቲ ደውይልኝ፤ ተበላሽቶ እንዳይሆን» ይለኛል። እደውላለሁ። ይጠራል። «አዎ፣ ደህና ነው» ይልና መልሶ ያስቀምጠዋል።

በዚያን ጊዜ ቤቱን ያቆመችው ሚስቱ ናት። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጨውና ሳሙና ትሸጣለች። አንድ እሑድ እኔንና እሷን፣ አንድ ፍየል አራጅም ጨምሮ ሰበሰበንና ሥጋ ቤት ሊከፍት መሆኑን አበሰረን። ወዲያው ሹመት ሰጠ። ሚስቱ የፋይናንስ፣ አራጁ የምርት፣ እኔ የሕዝብ ግንኙነት ሆንን። አራጁ ግራ ገብቶት «እኔ እንኳ ማረድ ብቻ ነበር የመሰለኝ» አለ። አጎቴ «ዝርዝሩ በሂደት ይታያል» አለው።

ሥጋ ቤቱ የሚከፈተው በሚስቱ ክፍል ነው። እሷም እንዲህ ስትል ቁርጡን ነገረችው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ልልቀቅልህ። ቅበላ ሳያልፍ ካልከፈትህ ግን በርበሬዬን መልሼ እደረድራለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራ እንዳታነሣብኝ፤ ስልክህን ታቅፈህ ትቀመጣለህ።»

እውነቷን ነው። ቅበላ ካለፈ ሁዳዴ ይገባል፤ በሁዳዴ ሰቆጣ ላይ ሥጋ ቤት መክፈት በክረምት ውኃ እንደ መሸጥ ነው። አጎቴ ግን የመቶ ቀን እቅድ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። አባቴ ሊመርቀው መጥቶ እቅዱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ሁዳዴን የት አደረግኸው?» አለው።

«እንደ ተግዳሮት ተይዟል፣ መሪጌታ» አለ አጎቴ።

«የካህን ልጅ ሆነህ!» አለ አባቴ። ሳቁን በነጠላው ሸፍኖ ወጣ።

ፍየሎቹ ከአበርገሌ መጡ፣ ጓሮ ታሰሩ። ግድግዳው ተቀባ፣ መስቀያው ተተከለ። የቀረው በሩን መክፈት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አጎቴ በሥልጣን ዘመኑ ያልተመረቀ ነገር ሲከፈት አይቶ አያውቅም። ሰው አንድ ክረምት ሙሉ ሲቀዳበት የከረመን ቦኖ አዘግቶ፣ ሪባን አስሮ፣ ንግግር አድርጎ እንደገና የከፈተ ሰው ነው። ስለዚህ በሥጋ ቤቱ በር ላይ ቀይ ሪባን አሰረና የክብር እንግዳ ጋበዘ። እንግዳው ድሮ የእሱን ቦርሳ ይሸከም የነበረ፣ ዛሬ ትልቅ ወንበር ላይ ያለ ሰው ነው። በስልክ «እንዴታ! እኔ ካልመጣሁ ማን ሊመጣ!» አለው። አጎቴ ያን ቀን ሁለት እንጀራ በላ።

እንግዳው ግን ዛሬ ነገ ማለት ጀመረ። ሰው ደግሞ ሥጋ ፈልጎ ይመጣል። የሕዝብ ግንኙነቷ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ከምረቃ በኋላ» እላለሁ። አንዷ ጎረቤታችን «ፍየሉን ነው የምታስመርቁት?» ብላኝ ሄደች። ጓሮ ያሉት ፍየሎች የሚስቱን ጎመን ጨርሰው ጌሾዋን ጀመሩላት።

የቅበላ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። የሌሎቹ ሥጋ ቤቶች በር ላይ ሰው ይጋፋል። እኛ ጋ አጎቴ የድሮውን የቢሮ ሱፉን ለብሶ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሪባኑ አጠገብ ተቀምጧል። ሚስቱ ከማዶ የበርበሬ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ አንዴ ፀሐይዋን አንዴ እሱን ታያለች።

ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ አንዲት ፍየል እየጎተቱ መጡ። እሱ ያስተዳድረው ከነበረው ቆላ ነው የመጡት። ሊሸጡለት ፈልገው ነበር። አጎቴ «አባቴ፣ ግዢ የሚጀመረው ከምረቃ በኋላ ነው፤ የክብር እንግዳ እየጠበቅን ነው» አላቸው። ቢቸግረው ይህንኑ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ሆኖም «የክብር እንግዳ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቃል አጠረው። ሽማግሌው «አማርኛውን ሰምቻለሁ ጌታዬ» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፍየሏን እግራቸው ላይ አሰሩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አጎቴ ለእንግዳው ደወለ። ጆሮው ትንሽ ስለማይሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። ጸሐፊው አነሣች።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«መቼ ይወጣሉ፣ እመቤቴ?»

«አይታወቅም።»

አጎቴ ስልኩን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ መለሰ። ፊቱን ላለማየት ዞር አልኩ። በዚህ መሐል ሽማግሌው ተናገሩ።

«ስብሰባ ከሆነማ ቶሎ አይወጡም። ስንቅ ይዘዋል?»

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«እኔ እርስዎን ስጠብቅ ስንቅ ይዤ ነበር የምመጣ። ያኔ፣ በሹመትዎ ጊዜ። ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል፤ እኔም ከዛፉ ሥር ሆኜ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ።» ነገር ለመፈለግ አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ። ከእራፊያቸው አንድ እፍኝ ቆሎ አውጥተው ሰጡት። ተቀበላቸው።

አጎቴ ቆሎውን እጁ ላይ እንደያዘ፣ «ጉዳይዎ ምን ነበር?» አላቸው። የመሬት ነው፣ የታሰረ ልጅ ነው፣ አሁን ቅበላችን ወደ ለቅሶ ሊዞር ነው አልኩ።

«ልጄን ስድር ሠርጓ ላይ እንዲገኙልኝ ልጠራዎ ነበር። ዳሱ ውስጥ የእርስዎን ቦታ እንኳ ለይቼ፣ አጎዛ አንጥፌ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ዳስ ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሚዜው በር ላይ ቆሞ እርስዎን ስጠብቅ ልኑር? ተዳረች! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኸው ወልዳ ከብዳለች።»

ከማዶ ቀድማ የሳቀችው ሚስቱ ናት። ጆንያው ላይ ሆና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አጎቴ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ ቆሎውን አፉ ውስጥ ጨመረና ማኘክ ጀመረ። አኝኮ ሲጨርስ ተነሥቶ ኮቱን አወለቀ። ለእንግዳው ተብሎ የተገዛውን መቀስ በሁለት እጁ ለሽማግሌው አቀረበላቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ይቁረጡልን።»

ሽማግሌው ሪባኑን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይህን የመሰለ ጨርቅ ምን ሲደረግ ይቆረጣል?» ብለው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት፣ ጠቀለሉና እራፊያቸው ውስጥ ከተቱት። «ለልጅ ልጄ ጸጉር ማሰሪያ ይሆናል። የእናትሽ ሠርግ እንግዳ ላከልሽ እላታለሁ።»

አጎቴ ለንግግር ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰማው ግን የለም። አራጁ ወደ ጓሮ ሮጧል፣ ሰው በሩን ሞልቶታል። ሚስቱ ሚዛኗን ይዛ ገባች። አጎቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ያ ሪባን ሲቆርጥ ስንት ሕዝብ ያጨበጨበለት እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ደም ሆኖ ሥጋ ይቆርጣል፤ ለዚህኛው ጎድን፣ ለዚያኛው ጭን።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ወንበሩ ላይ ረስቶት ነበር። አንሥቼ ባየው የክብር እንግዳው ነው።

«ጋሼ፣ ሰውየው ናቸው! ምን ልበላቸው?»

ቀና እንኳ አላለም።

«ሥራ ላይ ነው በያቸው።»